ከሰው መቆጠር

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ በመሥሪያ ቤታችን አዳራሽ ጡረታ ለወጡ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሽኝት ዝግጅት ተደርጎ ነበር። ሁላችንም እትዬ እያልን የምንጠራቸው እኚህ ሴት 31 ዓመት ሙሉ በምድር ቤቱ ክፍል ደብዳቤ ሲመዘግቡ፣ ቁጥር ሲሰጡ፣ ማኅደር ሲያወጡና ሲመልሱ የኖሩ ናቸው። በዕለቱ ለስላሳ፣ ዳቦና ቆሎ ቀርቧል፤ ጋቢ ተገዝቷል፤ በመስታወት የተለበጠ የምስጋና ወረቀትም ተዘጋጅቷል። ንግግር ያደረጉት ኃላፊ ግን የእትዬን የአባት ስም በሌላ ሰው ስም ከመጥራታቸው በላይ «በፋይናንስ ክፍል ላበረከቱት የላቀ አስተዋጽኦ» ብለው አመሰገኗቸው። ከኋላ የተቀመጥነው እርስ በርስ ተያየን። እትዬ ተነሡ፣ ጋቢውን ለበሱ፣ እጅ ነሥተው ተቀመጡ።

እስከ ውጭው በር ስንሸኛቸው አንድ ባልደረባችን ነገሩን ሊያለዝብ ፈልጎ «ስህተት ነው እትዬ፣ እንዳይቀየሙ» ቢላቸው፣ «ምን እቀየማለሁ ልጄ፤ የእጅ ጽሑፌን ያውቁታል፣ እኔን አያውቁኝም» ብለውት ሄዱ።

በዚያ ዝግጅት የጎደለው ወጪ ወይም በጎ ፈቃድ አልነበረም። ጋቢው ጥሩ ጋቢ ነበር፤ ኃላፊውም ክፉ ሰው አይደሉም። የጎደለው ከመካከላችን አንድ ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ ከሽኝቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ወደ ምድር ቤት ወርዶ «እትዬ፣ ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ምን ሲሠሩ ኖሩ?» ብሎ አለመጠየቁ ነው። እኔ በበኩሌ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ወደ እሳቸው ዘንድ እሄድ ነበር፤ የምናገረው ግን የማኅደር ቁጥር ብቻ ነበር።

«ዕውቅና» የሚለው ቃል «ዐወቀ» ከሚለው ግስ የወጣ መሆኑን አዘውትረን የምንረሳው ይመስለኛል። በዛሬው አነጋገራችን ቃሉ ሲነሣ መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው የግል ኮሌጆች በየማስታወቂያ ሰሌዳቸው ላይ «ዕውቅና ያለው» ብለው የሚጽፉት፣ ወይም ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። ወረቀት መስጠት ሳያውቁም ይቻላል፤ እትዬን ያመሰገንነውም በዚሁ መንገድ ነበር። ለነገሩ አማርኛችን ከዚህ የተሻለ አባባል አላጣም። አንድ ሰው ዞር ብሎ ያየውን፣ ስሙን ጠርቶ ያነጋገረውን ሰው ሲያነሣ «ከሰው ቆጠረኝ» ይላል። እኔም ስለዚህ መቆጠር ነው ልጽፍ የፈለግሁት።

ወደ ቢሮ ሥራ ከመግባቴ በፊት ስድስት ዓመት በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። በአምስት ክፍል፣ በእያንዳንዱ ክፍል 70 ያህል ተማሪ፣ በጠቅላላው 350 ገደማ ልጆች ነበሩኝ። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ የሁሉንም ስም እየጠሩ መቆጣጠር ስለማይቻል የምንጠራው ቁጥራቸውን ነበር፤ «43» ስል «አቤት» የሚል ድምፅ ከአንድ ጥግ ይመጣል፤ ምልክት አደርጋለሁ፤ ወደ 44 አልፋለሁ። ድምፁን ከፊቱ ጋር ሳላገናኘው ዓመቱ የሚያልቅብኝ ልጅ ብዙ ነበር። ይህን የምጽፈው መምህራንን ለመውቀስ አይደለም፤ 350 ደብተር ማረም ምን ማለት እንደሆነ ያረመ ያውቀዋል።

ሰኔ 30 ሲደርስ ወላጅ ይጠራል፣ ሰልፍ ይደረጋል፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ደብተር፣ እስክርቢቶና መዝገበ ቃላት ይሸለማሉ፤ ይጨበጨባል። ይህ ሥርዓት መልካም ነው፤ እንዲቀርም አልፈልግም። ችግሩ ከ70 ተማሪ ውስጥ 67ቱ በዚያ ቀን የሚሰሙት ጭብጨባ ሁሉ የሌላ ሰው መሆኑ ነው፤ ካርዱም ላይ ቢሆን ለወጣበት ደረጃ እንጂ ለተራመደው ርቀት የተሠራ ሣጥን የለም።

ነገሩ የገባኝ የክፍል ኃላፊ ሆኜ ሮስተር ስሞላ ነው። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት 61ኛ የወጣ ልጅ በሁለተኛው 38ኛ ወጥቷል። 38ኛ የሚሸለም ደረጃ አይደለም፤ አባቱም ካርዱን ቢያይ የሚጠይቀው «ለምን 38ኛ?» ብሎ ነው። ካርዱን ስሰጠው ወደ ጎን ጠራ አድርጌ «በአንድ መንፈቅ 23 ሰው አልፈሃል» አልኩት። ልጁ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ቲቸር፣ ቆጥረውት ነው?» አለኝ። ከዚያ በፊት በልጁ ጉዳይ ማንም ምንም ነገር ቆጥሮለት እንደማያውቅ ከአጠያየቁ ያስታውቅ ነበር። አዎ፣ ቆጥሬዋለሁ፤ ለዚያውም የፈጀብኝ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነው።

በዚያው ዓመት ግን ሌላም ነገር አድርጌያለሁ። አንዲት ከኋላ የምትቀመጥ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ በዓመቱ አጋማሽ መልቀቂያ ልትወስድ ከእናቷ ጋር መጣች። እናትየው በትሕትና «ልጄ እንዴት ነበረች መምህር?» ብለው ጠየቁኝ። ስሟን እንኳን ያነበብኩት ከያዘችው ወረቀት ላይ ነበር። «ጎበዝ ናት፣ በጣም ጎበዝ» አልኳቸው። እናትየው ደስ አላቸው፤ ልጅቱ ግን ወደ መሬት አየች። አምስት ወር አስተምሬ እንደማላውቃት እሷ በሚገባ ታውቅ ነበር። «ጎበዝ» የሚለው ቃል ምንም ሳያዩ ሊናገሩት የሚቻል ቃል መሆኑን የተማርኩት ከዚያች ልጅ አንገት ነው። በሚቀጥለው ዓመት በቀን አምስት ደብተር እየመረጥኩ ከምልክቱ በታች አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ጀመርኩ፤ «ሦስተኛውን ጥያቄ እኔ ካስተማርኩት በተለየ መንገድ መሥራትህን አይቻለሁ» የመሰለ። በዚህ ስሌት ሁሉንም ለማዳረስ 70 የትምህርት ቀን ይበቃል፤ ፈተና፣ ስብሰባና ሕመም ተጨምሮበትም ቢሆን በዓመት ሁለት ጊዜ ይደርሳል።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን በዚህ ረገድ ከእኛ የተሻሉ ነበሩ ብዬ አምናለሁ። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን፣ ማለትም ራሱ የደረሰውን፣ ቅኔ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ያቀርባል፤ የተበላሸው እዚያው ይታረማል፤ ምሥጢሩ የሰመረ እንደሆነ ደግሞ ሰሚው «ይበል!» ይላል። ይህ «ይበል» የዓመቱን መጨረሻ አይጠብቅም፤ በዚያው ቤት፣ በዚያው ስንኝ ላይ፣ ነገሩ በገባው ሰው አፍ ይባላል። ቅኔው ያልገባው ሰው በትክክለኛው ቦታ «ይበል» ማለት አይችልምና ሙገሳው ለሰሚውም ፈተና ነው። ዛሬ «ይበል የሚያሰኝ ተግባር» የሚለው ሐረግ በየዜናው የሚደጋገም ማሟያ ሆኗል፤ ምንጩ ግን ይህን ያህል ጥንቃቄ የነበረበት ልማድ ነው።

ስለ ሥራ ቦታ ሳስብ ደግሞ በየጊዜው የምመለስበት የማሚቱ ጋሼ ታሪክ ነው። ማሚቱ በገጠር ተወልደው፣ በልጅነታቸው ተድረው፣ በተራዘመ ምጥ ምክንያት በፊስቱላ ተጎድተው አዲስ አበባ ወደነበረው የልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የመጡት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። በዚያ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ባልና ሚስት ሐኪሞች፣ ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ የመጡ ናቸው። ማሚቱ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ሕክምናቸውን እየተከታተሉ ሳለ አልጋ በማንጠፍ ሥራ ጀመሩ፤ ቀጥሎ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብተው መሣሪያ ማቀበል ያዙ። ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን እጃቸው የማይንቀጠቀጥና ዓይናቸው ንቁ መሆኑን አስተዋሉ፤ አስተውለውም ዝም አላሉም። ደረጃ በደረጃ እያስተማሩ ወደ ቀዶ ሕክምናው አቀረቧቸው። ማሚቱ ከጊዜ በኋላ በፊስቱላ ቀዶ ሕክምና የተመሰከረላቸው ባለሙያ ሆኑ፤ ከውጭ አገር ሠልጥነው ለሚመጡ ሐኪሞችም አሠራሩን አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ሐምሊኖች ኋላ ላቋቋሙት ለአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪሞች የወርቅ ሜዳሊያ ሲሰጥ ማሚቱም ከተሸላሚዎቹ መካከል ነበሩ።

ይህ ታሪክ ሲነገር ሰው ሁሉ የሚደነቀው በሜዳሊያው ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከሜዳሊያው ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ፎቶግራፍ አንሺ በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ አልጋ የምታነጥፍን አንዲት የገጠር ልጅ እጅ አንድ ሐኪም ትኩር ብሎ ማየቱ ነው። በየመሥሪያ ቤታችን አልጋ የሚያነጥፉ፣ ሻይ የሚያቀብሉ፣ በር ላይ የሚፈትሹ ሰዎች አሉ፤ እጃቸውን ያየ ሰው ግን ስንት ነው? በትምህርት ቤት በኩል የበቆጂውን መምህር ስንታየሁ እሸቱን ማንሣት ይቻላል። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት ሲያስተምሩ የሚሮጡ ልጆችን እየለዩ ሜዳ ያወጡ ነበር፤ ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ ከእጃቸው አልፈዋል። ልጆቹን ዓለም አወቃቸው፤ መምህሩን ብዙ ሰው ያወቃቸው ግን ዘግይቶ ነው።

ወደ ቢሮአችን ልመለስና አንድ ነገር ልጠይቅ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤንና የምስጋና ደብዳቤን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ማስጠንቀቂያው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተጣሰውን ደንብ አንቀጽ ከነንዑስ አንቀጹ ይጠቅሳል፤ ለግል ማኅደር፣ ለሰው ሀብትና ለቅርብ ኃላፊው ግልባጭ ይደረጋል። የምስጋናው ደብዳቤ ግን «ላደረጉት ከፍተኛ አስተዋጽኦ» ይልና ያበቃል፤ ስሙን ብቻ እየለወጡ ለ40 ሰው ማተም ይቻላል፤ ደግሞም ይታተማል። ጥፋትን በዝርዝር፣ ደግነትን በጅምላ የምንመዘግብ ሰዎች ሆነናል። ሕጉም ቢሆን በዚህ ረገድ የሚያግዘው በጥቂቱ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12 አሠሪው የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ሠራተኛው ሲለቅም የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት እንዲሰጠው ያዝዛል። ሥራውን እንዴት አድርጎ ይሠራ እንደነበረ መጻፍ ግን የአሠሪው ፈቃድ ነው፤ የሚጽፍም እምብዛም አይገኝም።

ከደብዳቤው የሚብሰው ሪፖርታችን ነው። የሩብ ዓመት ሪፖርት ያነበበ ሰው ቋንቋውን ያውቀዋል፤ «ማጠናቀቅ ተችሏል»፣ «ተከናውኗል»፣ «እንዲፈታ ተደርጓል» ይላል። ማን አጠናቀቀው? ማን ፈታው? ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ሠሪ የለውም። በአንድ ወቅት የሥራ ባልደረባዬ የሆነች ባለሙያ ሦስት ሳምንት አምሽታ ያስተካከለችው የሒሳብ ልዩነት በሪፖርቱ ላይ «ልዩነቱን ማስታረቅ ተችሏል» በሚል አንድ መስመር ገብቶ፣ በስብሰባው ላይ ደግሞ ሪፖርቱን ያነበበው ሰው ተጨበጨበለት። «የሞተልሽ ቀርቶ የገደለሽ በላ» የሚለው ተረት በቢሮ ውስጥ ሲፈጸም ይህን ይመስላል። ባለሙያዋ አላጉረመረመችም፤ ከዚያ በኋላ ግን ማምሸት አቆመች፤ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቃትም። እኔ ሪፖርት የማዘጋጀት ተራ ሲደርሰኝ ከእያንዳንዱ «ተችሏል» ጎን የሠሪውን ስም መጻፍ ጀምሬያለሁ። አንዳንድ ኃላፊ «ይህ የግለሰብ ማስታወቂያ ነው» ብሎ ይሰርዘዋል፤ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ደግሜ እጽፈዋለሁ።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ ለአንድ ጡረታ ለሚወጣ ሹፌር የሽኝት ንግግሩን እንዳዘጋጅ ስታዘዝ የእትዬ ነገር ትዝ አለኝና ጋራዥ ድረስ ሄጄ «ምን ቢባልልህ ትወዳለህ ጋሼ?» አልኩት። ጋሼ እያልኩም አንተ የምለው ለብዙ ዓመት አብረን ስለኖርን ነው። ጥያቄውን እንደ ቀልድ ወስዶት ሳቀ፤ ከዚያ ኮስተር ብሎ «19 ዓመት ነዳሁ፤ አንድም ቀን ሰው አልገጨሁም፣ ይህን በልልኝ» አለኝ። ንግግሩ ከዚህ ዓረፍተ ነገር ሌላ ብዙም አልነበረውም። አዳራሹ ውስጥ ሲነበብ ያየሁትን ፊት «ላበረከቱት አስተዋጽኦ» ሲባል አይቼው አላውቅም።

ሙገሳን የምንፈራው ያለ ምክንያት እንዳልሆነም አውቃለሁ። ያደግነው ልጅን ፊት ለፊት ማሞገስ ለዓይን ያጋልጣል በሚባልበት ቤት ነው፤ «ቱ ቱ» ሳይባል ልጅ አይመሰገንም ነበር። በሥራ ቦታም «ካመሰገንከው ይጠግባል» የሚል አለቃ አጋጥሞኛል። በሌላው ወገን ደግሞ የሽንገላ ልማድ አለ፤ ለአለቃ ሲሆን የማይሠስት፣ ለበታች ሲሆን የሚደርቅ ምላስ። ውዳሴ ከንቱን የሚጸየፍ ሰው ምስጋናን በጠቅላላው ቢጠረጥር አልፈርድበትም። ሽንገላን ከምስጋና የምለይበት መንገዴ ግን ቀላል ነው፤ ሸንጋይ ሰውየውን ያሞግሳል እንጂ ሥራውን አያውቀውም፤ ዝርዝር ብትጠይቁት ይጠፋበታል።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የደመወዙ ነው። «ምስጋና በርበሬ አይገዛም» ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። ወሩን መድረስ ላቃተው መምህር የመምህራን ቀን ጽጌረዳ ይዞ መሄድ ስድብ ሊሆን ይችላል፤ ዕውቅናን የደመወዝ ምትክ የሚያደርግ መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን ሁለት ጊዜ ይበድለዋል። ማኔጅመንት የተማርን ሰዎች ለፈተና የሸመደድነው የፍሬድሪክ ኸርዝበርግ ጥናት ነገሩን በተወሰነ ደረጃ ያብራራዋል። ኸርዝበርግና ባልደረቦቹ በፒትስበርግ አካባቢ 200 ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን አነጋግረው እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት ሥራ፣ ሰዎች በሥራቸው የተደሰቱበትን ጊዜ ሲጠየቁ አዘውትረው ያነሡት ውጤት ማግኘታቸውንና ሥራቸው መታወቁን ነበር። ደመወዝን አጥኚዎቹ የመደቡት በዋነኛነት ሲጓደል ቅሬታ ከሚያስነሡት ነገሮች ወገን ነው። እኔ እንደሚገባኝ የአንዱ ጉድለት በሌላው አይሞላም፤ የተራበን ሠራተኛ በሜዳሊያ፣ የተናቀን ሠራተኛ በጭማሪ ማከም አይቻልም።

በአደባባይ መመስገን የማይወድ ሰው መኖሩንም መዘንጋት አይገባም። አንዲት የጽዳት ባልደረባችን መድረክ ላይ ስትጠራ አፍራ ከአዳራሹ ወጥታለች፤ እሷን ጠዋት ኮሪደር ላይ ሥራ አቁሞ ስለ ልጇ ፈተና የሚጠይቃት ሰው ይበልጥባታል። «ሰላምታ የእግዜር ነው» እንላለን፤ ሞፕ የያዘውን ሰው ግን ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን።

«ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም» የሚባለው እውነት ሆኖብን፣ ስለ ባልንጀራችን የምናውቀውን ሁሉ የምናወጣው በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ነው። ያን ጊዜ ዓመተ ምሕረቱ፣ ያስተማራቸው ልጆች፣ ያስታረቃቸው ጎረቤቶች አንድም ሳይቀር ይዘረዘራሉ፤ ዝርዝር መጻፍ የምንችል ሰዎች መሆናችን የሚታወቀው እዚያ ነው።

እትዬ ኅዳር ላይ አንድ ያላለቀ የጡረታ ጉዳይ ይዘው ወደ መሥሪያ ቤታችን መጥተው ነበር። በር ላይ ያለው አዲስ ጥበቃ አላወቃቸውም፤ መታወቂያ አስይዘው ገቡ። እኔ አብሬያቸው ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። በእሳቸው ቦታ የተተካችው ወጣት ሠራተኛ ስማቸውን ስትሰማ ከወንበሯ ብድግ አለች። ለካ መሥሪያ ቤቱ ሁለት ጊዜ ሲዋቀር የማኅደሮቹ ቁጥር ሁለት ጊዜ ተለዋውጦ፣ እትዬ ማንም ሳያዛቸው አሮጌውንና አዲሱን ቁጥር ጎን ለጎን የጻፉበት ወፍራም ደብተር ትተው ሄደው ኖሯል። ልጅቱ ደብተሩን ከመሳቢያዋ አወጣችና «እትዬ፣ ይህ ደብተር ባይኖር አንድ ወርም አልቆይም ነበር። እስቲ ይህቺ በቀይ የተጻፈችው ‹መ› ምን ማለት እንደሆነች ይንገሩኝ፤ ከመስከረም ጀምሮ ስፈልጋት ነበር» አለቻቸው።

እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ከቦርሳቸው መነጽራቸውን አውጥተው ወንበር ሳቡ። የመጡበት የጡረታ ደብዳቤ እስከ ምሳ ሰዓት ጠረጴዛው ጥግ ላይ ሳይከፈት ቆየ።